ከብር ሰሌዳ እስከ ጉርድ ፎቶ

በአዲስ አበባ የፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ ቀድሞ ስሙ የሚነሣው የቦያጂያን ቤተሰብ ነው። አባትየው ቤድሮስ ከኦቶማን ግዛት የመጣ አርመናዊ ሲሆን በ1890ዎቹ ማብቂያ (እ.ኤ.አ. በ1905 ገደማ) አዲስ አበባ ገብቶ የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ሆነ። ከእርሱ በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ሙያውን ወረሱ፤ ቶኒ ይባል የነበረው ቶርኮም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፎቶ አንሺ ለመሆን በቃ። ዛሬ ሰው ምኒልክን ወይም ኃይለ ሥላሴን በሐሳቡ ሲያስብ የሚመጣበት መልክ በከፊል የዚህ ቤተሰብ የእጅ ሥራ ነው።

በከፊል ብቻ መባሉ ግን ምክንያት አለው። ፎቶ የሚነሣ ንጉሥ እንደ ተራራ ዝም ብሎ የሚታይ አይደለም። ካባውን መርጦ፣ አቀማመጡን አስተካክሎ፣ ማን አጠገቡ ማን ራቅ ብሎ እንደሚቆም አዝዞ ነው ካሜራው ፊት የሚቀመጠው። እንዲያ ከሆነ ምስሉ የማን ነው? የሚያነሣው ነው ወይስ የሚነሣው? ጥያቄው ከካሜራው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያገኘው መልስ ግን የሰው ምስል ማንሣት መጀመሪያ በገፍ ከተስፋፋበት ከአሜሪካ መልስ ይለያል።

የፈረንሳዊው የሉዊ ዳጌር የፎቶ ማንሻ ዘዴ ዝርዝር በፓሪስ ይፋ የሆነው በነሐሴ 1831 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1839) ነበር። ያን ጊዜ ኢትዮጵያ በዘመነ መሳፍንት ላይ ነች፤ በሸዋ የነገሠው ሣህለ ሥላሴ ነው። ዘዴው የብርሃንና የመርዝ ሥራ ነበር። በብር የተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ እንደ መስታወት እስኪያበራ ድረስ ይወለወላል። ከዚያ በአዮዲን እንፋሎት ላይ ተይዞ ብርሃን የሚሰማው ይሆናል። ካሜራ ውስጥ ገብቶ ብርሃን ካየ በኋላም ለዓይን የሚታይ ነገር የለበትም፤ ምስሉ የሚወጣው ሰሌዳው ከጋለ ሜርኩሪ በሚነሣ እንፋሎት ላይ ሲያዝ ነው። በመጨረሻ ታጥቦና በወርቅ ጨው ጸንቶ በብርጭቆ ይሸፈናል። ኔጌቲቭ ስለሌለው ቅጂ አይወጣለትም። አንድ ሰሌዳ አንድ ምስል ብቻ ነው፤ ግራና ቀኙም እንደ መስታወት የተገላበጠ ነው። ያየው ሰው ሰሌዳውን ትንሽ ሲያዘነብለው ምስሉ ይጠፋና የራሱን ፊት ያያል።

አሜሪካኖች ይህን ዘዴ የሰው ፊት ማንሻ አደረጉት። በፊላዴልፊያ የመብራት ዕቃ ሠሪ የነበረው ሮበርት ኮርኔሊየስ በዚያው በ1839 (የአሜሪካው ታሪክ ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በቤተሰቡ ሱቅ ጓሮ ራሱን አነሣ። ጸጉሩ ተንጨባሯል፣ ክንዱን አጣጥፏል፣ ወደ ሰሌዳው ዳር ያጋደለ ነው፤ ምስሉ ይወጣ አይወጣ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ይመስላል። ማቲው ብሬዲ በ1844 ኒው ዮርክ ውስጥ ፎቶ ቤቱን ከፈተ። በቦስተን ሳውዝወርዝና ሆስ የተባሉ ሁለት ሸሪኮች የታወቁ ሰዎችን ገጽታ ከሌላው ሰው በተለየ ጥንቃቄ አነሡ። በ1851 በለንደን በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን በዳጌር ዘዴ ለተነሡ ሥራዎች ከተሰጡት አምስት ሜዳሊያዎች ሦስቱን አሜሪካኖች ወሰዱ። በ1855 በማሳቹሴትስ ግዛት ብቻ በአንድ ዓመት የተነሡት ሰሌዳዎች ከ400 ሺህ በላይ እንደነበሩ ተመዝግቧል። ይህ ሁሉ የመኳንንት ምስል አይደለም። ጫማ ሰፊው፣ የፋብሪካ ሠራተኛዋ፣ ልጇ የሞተባት እናት ሁሉ ፎቶ ቤት ይሄዱ ነበር። የሞተ ሕፃን እንደተኛ ተደርጎ መነሣቱም የተለመደ ነበር።

አነሣሡ ግን ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተነሺው ለደቂቃዎች ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረበት፤ የተሻለ ሌንስና ኬሚካል ሲገኝ ጊዜው ወደ ሰከንዶች ወረደ። ያም ሆኖ ከራስ ቅሉ በስተኋላ የብረት ማቀፊያ ይገባለት ነበር። የዚያ ዘመን ፊቶች ኮስታራ የሆኑት ሰዉ ሁሉ አዝኖ ስለነበር አይደለም፤ ፈገግታ ያን ያህል ጊዜ ሳይዛነፍ አይቆይም። ተነሺው ለዚያ ሁሉ ጊዜ የሚችለውን ፊት መምረጥ ነበረበት። ከዚህ አንጻር ሰሌዳው ላይ የቀረው አንድ ቅጽበት ሳይሆን ሰውየው ጸንቶ ያቆየው አንድ ውሳኔ ነው ማለት ይቻላል።

ሁሉም ተነሺ ግን ወሳኝ አልነበረም። በ1850 በሳውዝ ካሮላይና ጆሴፍ ዚሊ የተባለ ፎቶ አንሺ፣ ሉዊ አጋሲ ለተባለው የሃርቫርድ የተፈጥሮ ሳይንስ ምሁር በባርነት የተያዙ ሰዎችን ልብሳቸው ተገፍፎ አነሣ። ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ እንደ ናሙና ተነሡ። ከእነርሱ መካከል ሬንቲ የተባለው አባትና ልጁ ዴሊያ በስም ይታወቃሉ። ትውልዴ ከሬንቲ ነው ያለች ሴት በ2019 ዩኒቨርሲቲውን ከሰሰች፤ በ2025 በስምምነት ሰሌዳዎቹ ከሃርቫርድ ወጥተው በቻርለስተን ወደሚገኘው የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም እንዲሄዱ ተወሰነ። መልኩ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ፍርድ ቤት ለመቅረብ 170 ዓመት ያህል ፈጀበት። በዚሁ ዘመን ኦገስተስ ዋሽንግተን የተባለ ጥቁር ፎቶ አንሺ በሃርትፎርድ የራሱ ቤት ነበረው፤ የባርነት ጠላት የነበረውን ጆን ብራውንን እጁን ለመሐላ አንሥቶ ያነሣው እርሱ ነው። በ1853 ካሜራውን ይዞ ወደ ላይቤሪያ ተሰደደና የአዲሲቱን ሪፐብሊክ ባለሥልጣናት በዳጌር ዘዴ አነሣ።

ወደ ኢትዮጵያ ካሜራ በብዛት የገባው የዳጌር ሰሌዳ ካረጀ በኋላ፣ ከጦር ጋር ነው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከመሐንዲሶቹ ጋር ፎቶ አንሺዎች ነበሩት፤ ተራራውን፣ መንገዱን፣ መኳንንቱን አነሡ። ዓፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሡት የታወቀ ፎቶ ግን የለም። የእርሳቸው መልክ የቀረው በእጅ በተሣሉ ምስሎች ነው። ቴዎድሮስን የሚሥል ሁሉ እስከ ዛሬ የየራሱን ቴዎድሮስ የሚሥለውም በዚህ ነው። የልጃቸው የልዑል ዓለማየሁ ነገር ተቃራኒ ነው። በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በዚያው ዓመት በዋይት ደሴት በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ተነሣ፤ ጠባቂው ካፒቴን ስፒዲም የሐበሻ ልብስ ለብሶ አብሮት ተነሥቷል። አባት ያለ ፎቶ ሞቱ፤ ልጅ አገሩን ካጣ በኋላ ደጋግሞ ተነሣ። በ18 ዓመቱ ሲሞት የተቀበረው በዊንድሶር ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው።

ምኒልክ ከዚህ ታሪክ ትምህርት ወስደው እንደሆነ መናገር አይቻልም፤ ያደረጉት ግን ትምህርቱን የወሰደ ሰው የሚያደርገውን ነው። በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ድልድይና ቧንቧ ከመሥራት ጋር ፎቶም ያነሣ ነበር፤ ስብስቡ ዛሬ ዙሪክ ይገኛል። ንጉሡ ሌንስ ምን እንደሚያደርግ ቀስ ብለው አወቁ። ከዓድዋ በኋላ የአውሮፓ ጋዜጣ ሁሉ የድል አድራጊውን መልክ ሲፈልግ፣ የተላከለት ዘውድ ደፍተው፣ ካባ ደርበው፣ ሁለት ዓይናቸውን ወደ ሌንሱ ቀጥ አድርገው የተቀመጡ ንጉሥ ምስል ነበር። የፖስታ ካርዶቹም ያንኑ መልክ አባዝተው በየአገሩ በተኑት።

ሁለቱም ዓይኖች መታየታቸው ተራ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ጻድቅና ቅዱስ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ከሃዲው፣ አሳዳጁ፣ ሰይጣኑ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። በጊዮርጊስ ሥዕል ቅዱሱ ፈረሱ ላይ ሆኖ ተመልካቹን ፊት ለፊት ያያል። በዚህ ልማድ ያደገ ሰው ካሜራ ፊት ሲቀመጥ ጎኑን ለማሳየት ፈቃደኛ ባይሆን አያስገርምም። የዘመኑ ፎቶዎች ሲታዩም አብዛኛው መኳንንት ፊት ለፊት ነው። ንጉሡ በፓሪስ ባስመቷቸው ብሮች ላይ ግን ያሉት በጎን ነው፤ የአውሮፓ ቀራጭ የሮማን ቄሣሮች ልማድ ተከትሏል። ያ አንድ ዓይን ማንንም አስቆጥቶ እንደሆነ አይታወቅም። ልማድ በሥዕል ላይ ጥብቅ፣ በገንዘብ ላይ ልል ሊሆን ይችላል።

ከፊት ሌላ ልብስም ይናገራል። በዚያ ዘመን በተነሡ የመኳንንት የቡድን ፎቶዎች ሹሙ መሐል ተቀምጦ ሸማውን እስከ አፉ ተከናንቧል፤ አሽከሮቹ ኩታቸውን አደግድገው፣ ጠመንጃ ይዘው ከኋላና ከጎን ይቆማሉ። አንድም ቃል ሳይጻፍበት ማን ለማን እንደሚታዘዝ ፎቶው ይናገራል። ፎቶ አንሺው አርመንም ሆነ ህንድ ወይም ግሪክ፣ ይህን ሥርዓት አልፈጠረውም፤ ግብር ላይ፣ ችሎት ላይ፣ ለቅሶ ላይ የነበረውን አሰላለፍ ተቀበለ እንጂ። በአሜሪካ ፎቶ ቤት ባለቤቱ ለደንበኛው ወንበሩን፣ መጋረጃውን፣ የክንዱን ማረፊያ ሳይቀር ያዘጋጅለት ነበር። በአራዳ የመጀመሪያው ዘመን ተነሺው ትዕይንቱን ይዞ ይመጣል፤ ካሜራው ይጠብቀዋል።

አራዳ ራሱ ግን የሚነሡ ብቻ ሳይሆን የሚታዩም ሰዎች ቦታ ነበር። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግርጌ የተዘረጋው ገበያ የከተማዋ ትልቁ ነበር፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ቦታ እስኪያዛውሩት ድረስ እህሉም ጨውም በቅሎውም የሚሸጠው እዚያ ነው። የሞት ፍርድም የሚፈጸመው እዚያው ነበር፤ በጊዮርጊስ አጠገብ በነበረው ዛፍ ላይ ወንጀለኛ ይሰቀላል፣ ገበያተኛው ያያል፣ የውጭ አገር መንገደኛም ያነሣል። እንግዲህ በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ዓይነት ካሜራ ሁለት ዓይነት ምስል ወጣ ማለት ነው። በአንደኛው ሹሙ እንዴት መታየት እንዳለበት ወስኗል፤ በሁለተኛው የተሰቀለው ሰው ምንም የሚወስነው ነገር አልቀረለትም። ዚሊ በሳውዝ ካሮላይና ያነሣቸው ሰሌዳዎች ዘመድ የሚሆኑት ከዚህ ከሁለተኛው ጋር ነው።

ፎቶ ዙፋን ለመንቀል ማስረጃ ሆኖ የቀረበበትም ጊዜ አለ። በ1909 ዓ.ም. መባቻ የምኒልክን ወራሽ ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን ለማውረድ ከተነሡት ክሶች ዋናው ሰልሟል የሚል ነበር፤ ጥምጥም አድርጎ የሚታይባቸው ፎቶዎችም ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወሩ። መስከረም 17 ቀን ከሥልጣን ተሻረ። ምስሎቹ ተቆርጠው የተገጣጠሙ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው ክርክር ዛሬም አልተቋጨም። የሚገርመው ግን ክርክሩ ራሱ ወደ አንድ ስሕተት መውሰዱ ነው። ፎቶው እውነተኛ ቢሆን እንኳ የሚያሳየው ጥምጥም ያደረገ ወጣት ልዑል ነው፤ እስላም ወዳጆቹን ለማክበር የለበሰውን ልብስ ከልቡ ሃይማኖት የሚለይ ሌንስ የለም። ከምኒልክ ሞት ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ በጥንቃቄ የሚመረጠው መልክ ባለቤቱ ላይ ዞረ።

ከዚያ ወዲህ የዘውዱ ፎቶ ይበልጥ ታቅዶ የሚነሣ ሆነ። ንግሥት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. የነገሡት በጊዮርጊስ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዚያው ቦታ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ ግን ሥነ ሥርዓቱ ለካሜራ ጭምር የተዘጋጀ ነበር። በዋዜማው የምኒልክ የፈረስ ሐውልት በአደባባዩ ተመረቀ። ናሽናል ጂኦግራፊክ የላከው አሜሪካዊ ሮበርት ሙር ያነሣቸው የቀለም ፎቶዎች ከወራት በኋላ በመጽሔቱ ወጡ። ሙር የተጠቀመበት የመስታወት ሰሌዳ ለቀለም ሲባል ብዙ ብርሃን ይፈልግ ስለነበር መሳፍንቱ ዘውዳቸውን ደፍተው ሳይነቃነቁ መቆም ነበረባቸው። ከዳጌር 90 ዓመት በኋላ አዲሱ ቀለም የጥንቱን ትዕግሥት መልሶ ጠየቀ።

የጣሊያን ወረራ ሌላ ዓይነት ፎቶ አመጣ። ወታደሮቹ የገደሉትን፣ የሰቀሉትን ለማስታወሻ ያነሡ ነበር፤ ከነጻነት በኋላ እነዚያው ምስሎች በራሳቸው ላይ ማስረጃ ሆነው ቀረቡ። ያነሣው ሰው ለኩራት ያሰበውን፣ ያየው ሰው ለክስ ተጠቀመበት።

ካሜራው እውነተኛውን ተራ ሰው ያገኘው ከነጻነት በኋላ ነው። በዚያው በአራዳ፣ በፒያሳ፣ ፎቶ ቤቶች በዙ። አንዳንዶቹ የአርመን፣ አንዳንዶቹ የአርመኑ ዘንድ ሠርተው ሙያ የቀሰሙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ፎቶ ቤቱ ከመንገድ ሲገባ መስታወት ያለው ማሳያ አለው፤ እዚያ የተሰቀለ ፎቶ ለባለቤቱ ማስታወቂያ፣ ለተነሺው ደግሞ ትንሽ ዝና ነው። ከውስጥ መስታወትና ማበጠሪያ፣ ለማያመጣ ደንበኛ የሚዋስ ኮትና ከረባት፣ ፏፏቴ ወይም ደረጃ ያለው ቤት የተሣለበት ሸራ፣ የማይሠራ ስልክ፣ የፕላስቲክ አበባ ይገኛል። ፎቶ አንሺው አገጭን በጣቱ ጫፍ ዝቅ፣ ትከሻን ቀና ያደርጋል፤ «ዓይንህን እንዳትጨፍን» ይላል። ከአንድ ሳምንት በኋላ ደረሰኝ ተይዞ ይኬዳል። በመካከሉ ግን ከጨለማው ክፍል የወጣው ኔጌቲቭ ላይ በሾለ እርሳስ የፊት ጠባሳ ይሞላል፣ ብጉር ይጠፋል፣ ቅንድብ ይጠቁራል፤ ለከፈለ ደግሞ ጥቁርና ነጩ ምስል ላይ ከንፈርና ጥለት በቀለም ይነካል። ይህን ማታለል የሚሉት አሉ። ደንበኛው ግን ራሱ ከፍሎ ያሠራው ነው፤ ምኒልክ በካባቸው ያደረጉትን እርሱ በእርሳስ አስደረገ።

የሠራተኛ ሰፈሩ ወጣት እሑድ ሲኒማ ኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት፣ ተመራቂው ካባውን ከመመለሱ በፊት፣ አዲስ ሙሽሮች፣ ለአገር ቤት እናቷ ደኅንነቷን በፎቶ የምትልክ የቤት ሠራተኛ፣ ሁሉም አንድ ወንበር ላይ ተራ በተራ ተቀመጡ። በአሜሪካ ከተራው ሕዝብ የጀመረው ነገር በአራዳ ከዙፋን ወርዶ እዚህ ለመድረስ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ፈጀበት። ሲደርስ ግን የዙፋኑን ልማድ ይዞ ወረደ። የፒያሳ ፎቶ ቤት ደንበኛ ፊት ለፊት፣ ኮስተር ብሎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሚነሣው ፈገግታ የሚያቆይ ፊልም ጠፍቶ አልነበረም። በምስል መቅረት ማለት እንዲህ መሆን ነው ብሎ ከነገሥታቱ ፎቶ የተማረ ነው።

ጉርድ ፎቶ ይህን ሥርዓት በጥቂቱ አፈረሰው። ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለፓስፖርት፣ ለሥራ ማመልከቻ የሚጠየቀው ጉርድ ሸራም አበባም አይፈልግም፤ ፊትና ትከሻ ብቻ ይበቃዋል። አለባበሱን የሚወስነው የሚጠይቀው መሥሪያ ቤት እንጂ ተነሺው አይደለም። በደርግ ዘመን የቀበሌ መታወቂያ ለእያንዳንዱ ነዋሪ ግድ ሲሆን ጉርድ ያልተነሣ የከተማ ሰው ጠፋ። በመስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ በረድፍ የተሞላው በዚያ ሽብር በተገደሉ ሰዎች እንዲህ ዓይነት ፎቶዎች ነው። ብዙዎቹ የሃያ ዓመት ገደማ ወጣቶች ናቸው፤ ጸጉራቸው ጎፍሯል፣ የሸሚዛቸው ኮሌታ ሰፊ ነው። ሲነሡ ያሰቡት ለትምህርት ቤት መዝገብ ወይም ለጓደኛ ማስታወሻ መስጠትን ነበር። ቤተሰብ ለለቅሶ አውጥቶ የታቀፈው፣ ቆይቶም ለሙዚየሙ የሰጠው ሌላ ስለሌለው ይህንኑ ነው። ቅጂ የማያወጣው የዳጌር ሰሌዳ እንዲህ ያለ ሁለተኛ ሕይወት አይኖረውም ነበር፤ ሦስት በአራት የሆነች ጉርድ ግን በስድስት ወይም በስምንት ቅጂ ታጥባ ስለምትሰጥ አንዷ ፋይል ውስጥ ስትገባ ሌላዋ አልበም ውስጥ ትተርፋለች።

የባለቤትነቱ ጥያቄ በፒያሳ ፎቶ ቤቶች ውስጥ ሳይጻፍ የቆየ መልስ ነበረው። ደንበኛው የታጠበውን ወረቀት ይወስዳል፤ ኔጌቲቩ በቁጥር ታስሮ ከፎቶ ቤቱ ዘንድ ይቀራል። ደንበኛው ተመልሶ ቅጂ እስከፈለገ ድረስ ለሁለቱም የሚበጅ አሠራር ነበር። ዲጂታል ካሜራና ስልክ መጥተው ፎቶ ቤቶች አንድ በአንድ ሲዘጉ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፒያሳ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ ጉዳዩ ተለወጠ። ኔጌቲቩ ከነቁጥሩ ወራሽ ወይም ቤቱን የተረከበ ሰው እጅ ይገባል፤ የደንበኞች መዝገብ ከጠፋ ደግሞ ፊቱ የማን እንደሆነ የሚናገር ነገር የለም። የነገሥታቱና የመኳንንቱ ምስሎች በስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ በውጭ አገር ሙዚየሞችም ተጠብቀዋል። ሪቻርድ ፓንክኸርስትና ዴኒ ዤራር በ1996 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት መጽሐፍ እስከ ጣሊያን ወረራ ያሉትን ፎቶዎች ከነአንሺዎቻቸው ለመለየት ሞክሯል። የተራው ሰው ፎቶ ተሰብስቦ በመጽሐፍ የወጣው ዘግይቶ ነው፤ በ2018 (እ.ኤ.አ.) የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰበሰበው ከፎቶ ቤቶች መሳቢያ ሳይሆን ከየቤተሰቡ አልበም ነው። የተነሡት ሰዎች ስም የታወቀውም አልበሙን ይዘው የመጡት ቤተሰቦቻቸው ስለነገሩ ነው።